ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ደጃፍ፣
አንድ ዣንጥላ ተክዬ የሰው በደል ስጽፍ
ሃያ ሁለት ዓመቴ።
የድንበር፣ የፍቺ፣ የውርስ፣ የቼክ፤
ሁሉም በአንድ ፊደል፣ ሁሉም በአንድ ልክ።
"ጉዳዩ" ብዬ እጀምራለሁ፣ "ቃለ መሐላ" ብዬ እዘጋለሁ፤
መሐሉ የባለጉዳዩ ነው፤ እኔ ጣቴን አከራያለሁ።

ሰኔ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ካፊያው ሳያባራ፣
ፋንታነሽ መጣች፣ ፌስታል ይዛ፣ ከስልኳ ጋራ።
በፌስታሉ የእናቷ የሌሊት ልብስ አለ፣
እንዳይታጠብ የተደረገ፣ "ማስረጃ ነው" የተባለ።
በስልኩ ውስጥ የተላጠ ጀርባ፤
የእጅ አንጓ፣
በነጠላ ጥለት ከአልጋ ብረት ታስሮ ያደረ፣
እንደ አምባር ዙሪያውን የጠቆረ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ንዳው። ሰማንያ አንድ ዓመት።
ጎሬን ከደሴ፣ ሐረርን ከጎንደር እያገናኙ ስልክ ቤት፣
"ሃሎ፣ መስመር ላይ ይጠብቁ" ሲሉ የኖሩ እናት።
ካዛንቺስ፣ አረጋውያን ይጦሩበታል ከሚባለው ፎቅ፣
የራስጌያቸው ደወል
ሽቦው ተነቅሎ ተገኘ፣ ከግድግዳው ሊወድቅ።

እኔ እንደ ልማዴ አግንኜ ጀመርኩ፦
"ግፉ ከሰማይ ደርሶ፣ ምድር እስክትጮህ…" አልኩ።
ከነጻ የሕግ ድጋፍ የመጣችው ጠበቃ ጸዳለ
እስክሪብቶ አወጣች። ሰረዘች።
"ጋሼ፣ ሰማይን ይተዉት፤ ሰማይ አልተከሰሰም፤
ዳኛው የሚጠይቀው ቀን ነው፤ እንባ ቀን የለውም።
ሲገቡ ስንት ኪሎ ነበሩ?" "ሃምሳ አራት።"
"ስታወጫቸውስ?" "ሠላሳ ሰባት።"
"ይጻፉ። አሥራ ሰባት ኪሎ፣ በአምስት ወር።
ውሉ ይያያዝ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ ደረሰኙ በቁጥር።"

የጎረቤት ክፍል አዛውንት፣ መምህር የነበሩት አቶ ልሣነወርቅ፣
በቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ፦
ሌሊት 9፡20፣ "ውሃ" አሉ።
9፡50፣ "ውሃ" አሉ።
11፡05፣ ዝም አሉ።

"የሌሊት ተረኛዋስ?" አልኩ፤ "ያሰረቻቸው ልጅ? ተከሳሽ ትባል?"
ፋንታነሽ ዝም አለች። ዝናቡ ከዣንጥላው ጫፍ ጠብ ይላል።
"አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው" አለች በመጨረሻ።
"ለሃያ ሁለት ሰው ብቻዋን ናት። ደሞዟን ከያዙባት ሦስት ወር።
ያሰረቻት እሷ ናት።
ጓዳ ተደብቃ የደወለችልኝም እሷ ናት።"
ጸዳለ ብዙ አሰበች፤ ከልጅቱ ስም ጎን
"ምስክር" ብላ ጻፈች፣ ቀስ ብላ፣ ሁለቴ አጥፍታ።

ከዚያ "ከሳሽ" ብዬ ጻፍኩ፣ ቀጥሎም ስማቸውን፦ ጥሩዬ።
ፋንታነሽ ጮክ ብላ ስታነበው ጠበቀባት፦ "ከሳሽ… እማዬ።"
አንድ ፊደል ሳይጨመር፣ አንድ ፊደል ሳይቀነስ፣
ሲላላ ችሎት የሚያቆም፣ ሲጠብቅ አጥንት የሚዳስስ።
ዝቅ ብሎ "ካሳ" ይላል፣ በአኃዝና በፊደል፤
ከከሳ ገላ እስከ ካሳ በስንት ቀጠሮ ይደረሳል?

የቀረው ፊርማ ነው። እሳቸው ላዳ ውስጥ ናቸው፣
ከኋላ ወንበር፣ በብርድ ልብስ፣ መስኮቱን ታከው።
አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረን ወረቀቱ ላይ አሳረፍነው።
ያቺን ጣት ይዘው ወደ ጆሯቸው ወሰዷት፤
ጉንጫቸው ሰማያዊ ሆነ።
"ሃሎ" አሉ። "መስመሩ ተይዟል።
ይጠብቁ።"

ለማን እንዳሉት እንጃ፤ ለልጃቸው፣ ለዳኛው፣ ለእኔ።
ቆዩ ማለታቸው ይሆን? ወይስ ጠብቁኝ?
ሃያ ሁለት ዓመት ቃል ሸጬ ይችን መለየት አቃተኝ።
ጉንጫቸውን በመሐረቤ ጠረግሁ።
ሒሳብ አልተቀበልኩም ብል ውሸት ነው፤ ግማሹን ተቀብያለሁ።
ቀጠሮው ለጥቅምት ስምንት ነው።